የጅምላው ዋስትና

«ዋስ ይዘው ይምጡ አላልኩም እኮ» አለች ጠበቃዋ፣ ከፋይሉ ቀና ብላ።

«ብለሻል እንጂ የኔ እህት! ‘የዋስትናውን ነገር ቁጭ ብለን እንነጋገራለን’ ብለሽ የደወልሽልኝ አንቺ አይደለሽም?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እንነጋገራለን ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ይኸው አመጣሁልሽ፣ ተነጋገሩ!»

አመጣሁልሽ የተባለው ወንበሩ ላይ ተገትሮ የተቀመጠው የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። አናጢ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መጋዝ ብናኝ ውስጥ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ለዛሬ ብሎ ከሣጥን ያወጣው ሙሉ ልብስ ከሰው የተዋሰው ይመስል እያሳፈረው፣ የቤቱን ካርታ በላስቲክ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ አቅፎታል። ቁርሱንም ደርቦ በልቶ ነው የመጣው፤ «ዋስ የሚሆን ሰው ሲፈርም እጁ መንቀጥቀጥ የለበትም» ብሎ።

«እኔ ዝግጁ ነኝ» አለ አናጢው። «የት ጋ ነው የምፈርመው?»

«የትም አይፈርሙም ጋሼ። ዋስትና ይፈቀድ አይፈቀድ ገና አልታወቀም።»

«እንዴት ነው የማይፈቀደው? ዋስ አለ። ቤት አለ። ካርታ አለ። ምን ጎደለ?»

«ሕጉ።»

ልብስ ሰፊዋ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ባሏ ከታሰረ ጀምሮ የሄደችበት ቦታ ሁሉ የሚነገራት ሌላ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ስትጠይቅ «ፍርድ ቤት ነው የሚያውቀው» ይሏታል። ፍርድ ቤት ስትሄድ «ዐቃቤ ሕግን ጠይቂ» ይሏታል። የዐቃቤ ሕጉ ቢሮ በር ላይ ያገኘችው ጥበቃ ደግሞ «ስብሰባ ናቸው» ካለ በኋላ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ «ብቻ የሚፈቀድ አይመስለኝም» ብሎ በራሱ ሥልጣን ፈርዶ ሰዷታል። አሁን ደግሞ የገዛ ጠበቃዋ ዋሱን ከነካርታው ልትመልስባት ነው።

«ቀስ ብዬ ላስረዳችሁ» አለች ጠበቃዋ። «በተለመደው ሕግ ዋስትና መብት ነው። ሰው ተከሰሰ ማለት አጠፋ ማለት አይደለም፤ ዋስ ይጠራል፣ ቤቱ እያደረ ይከራከራል። ባለቤትዎ የተከሰሱት ግን በተለመደው ሕግ አይደለም። ገበያ ላይ ሸቀጥ ሲጠፋ ጊዜ የወጣ ልዩ አዋጅ አለ። በዚያ አዋጅ፣ ጅምላ ነጋዴ ሆኖ ሸቀጥ የደበቀ ሰው መቶ ዋስ ቢደረድርም አይለቀቅም። ክርክሩ እስኪያልቅ ማረሚያ ቤት ነው። ቸርቻሪ ከሆነ ግን ክልከላው አይነካውም፣ ዳኛው ሊፈቅዱለት ይችላሉ።»

«ክርክሩ መቼ ያልቃል?»

ጠበቃዋ ወደ መስኮቱ ዞር አለች። «ባለፈው ሳምንት አንድ አልቆልኛል። ስንጀምር የደንበኛዬ ልጅ ትድህ ነበር። አሁን ጽሑፍ ታነባለች።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ አመድ መሰለ። ያን ያህል ጊዜ! ሱቁ ታሽጎ፣ እሷ ለሰው ሱሪ እያሳጠረች፣ ስንቅ እያመላለሰች! ከዚያ ግን ትንሽ አሰበችና ብርሃን በራላት።

«እንዴ! ታዲያ ምን አስጨነቀን? እሱ እኮ ቸርቻሪ ነው! ፈቃዱ ራሱ ‘ችርቻሮ’ ነው የሚለው።»

«ፈቃዱን አይቼዋለሁ። አዋጁ ግን ‘ፈቃዱ ምንም ቢሆን በተግባር በጅምላ የሚነግድ’ ይላል። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ እነዚህን አያይዟል።»

ጠበቃዋ ሁለት ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በአንደኛው ላይ የባሏ ሱቅ አለ። ሱቁ ማለት እንኳን ያስቸግራል፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ሰሌዳው ነው። ሱቁ ከሰሌዳው ሥር ዝናብ የተጠለለ ይመስላል። በቀይ መደብ ላይ በቢጫ፣ እያንዳንዱ ፊደል የሰው ቁመት አክሎ፣ «ጅምላ አከፋፋይ» ይላል። በሁለተኛው ፎቶ ላይ ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል አለች፤ በፕላስተር የታሸጉ የዘይት ካርቶኖች ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረውባታል።

«ክሱም ላይ» አለች ጠበቃዋ፣ «‘በቅጽል ስሙ ጅምላው ተብሎ የሚታወቀው ተከሳሽ’ ይላል። የሰፈር ሰው ሁሉ ጅምላው ነው አሉ የሚላቸው።»

«ወይ ጣጣ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ፎቶውን ገልብጣ በፊቱ ደፋችው።

የዚህ ሁሉ መነሻ አባቷ ናቸው። አባቷ በፖስታ ቤት ሹምነት ጡረታ የወጡ፣ ሰው ሲያናግሩ ከእግር እስከ ራሱ እንደ ጥቅል ዕቃ የሚመዝኑ ሽማግሌ ናቸው። ባሏ ሊያገባት ሲጠይቅ ዐይን ዐይኑን እያዩ «ሥራህ ምንድን ነው?» አሉት። «ንግድ» አላቸው። «ምን ዓይነት ንግድ?» ሲሉት ላቡ በጀርባው ወረደ። ያኔ ሳሙናና ክብሪት የሚሸጥባት መስኮት የምታህል ሱቅ ነበረችው። አፉን ቢከፍት የወጣለት «ጅምላ» የሚል ሆነ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ልጃቸውን ሰጡት። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ የተናገራት ቃል ላይ ለመድረስ ሲሮጥ ይኸው ጠጉሩ ሸበተ።

መጀመሪያ ሰሌዳው መጣ። ቀጥሎ፣ አማቱ አንዳንዴ ብቅ ስለሚሉ፣ ሰሌዳውን የሚመስል ዕቃ አስፈለገ። ዕቃ መግዛት አቅም ይጠይቃል፤ ባዶ ካርቶን ግን የትም ይገኛል። ከየአከፋፋዩ ደጃፍ እየለቀመ፣ እንደ አዲስ በፕላስተር እያሸገ፣ ከጀርባ ክፍል ደረደረው። የሰፈሩ ሰው ሲቀልድበት «ጅምላው» የሚል ስም አወጣለት። እሱ ግን ቀልዱን ሹመት አድርጎ ተቀበለው፤ እናቱ ባወጣችለት ስም ሲጠሩት ሁለቴ ካልተደገመለት አይሰማም፣ «ጅምላው!» ሲሉት ግን ከመንገድ ማዶ ዞሮ ይመጣል።

የታሰረ ዕለትም የሆነው ይኸው ነው። ዘይት ከገበያ ጠፍቷል። አንድ የማያውቀው ሰው ገብቶ «ዘይት አለ?» ሲለው «የለም» አለ። ወዲያው አንዲት ጎረቤት በሩ ላይ ሆና «ጅምላው፣ ያቺን የደበቅክልኝን ዘይት ቶሎ በል፣ ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት!» ብላ ጮኸች። ሰውየው ለካ የንግድ ተቆጣጣሪ ኖሯል። ጀርባ ክፍል ገባና ክምሩን አየ። «ይህ ሁሉ ዘይት ያንተ ነው?» አለ። ያኔ «ኧረ ጌታዬ፣ ባዶ ካርቶን ነው» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ደረቱን ነፋ አድርጎ «የማን ሊሆን ነው ታዲያ?» አለ። ተቆጣጣሪው ሌላ ጥያቄ አላስፈለገውም። ፎቶ አነሳ፣ በሩን አሸገ፣ ባለቤቱን ይዞ ሄደ።

«ባዶ ናቸው» አለች አሁን ልብስ ሰፊዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ምኖቹ?»

«ካርቶኖቹ። ከበሩ ጋ ያሉት ጥቂቶች ለደንበኛ ያስቀመጣቸው ናቸው፣ እነሱ ዘይት አላቸው። ሌላው ሁሉ አየር ነው። አቧራ የማራግፍለት እኔ አይደለሁ? በአንድ እጄ ነው የማነሳቸው።»

ጠበቃዋ ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ስቃ ስትጨርስ ግን ፊቷ ኮስተር አለ።

«ይህ እኮ ያወጣቸዋል! በተግባር ጅምላ ነጋዴ አለመሆናቸው በዚህ ይታያል። ችግሩ፣ ትናንት ጣቢያ ሄጄ ባለቤትዎን ‘ካርቶኖቹ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?’ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።»

«ምን አለሽ?»

«‘ሸቀጥ’ አሉኝ። ደንበኛዬ ሸቀጥ ነው ብሎኝ እኔ ተነስቼ አየር ነው ልል አልችልም። ራሳቸው ናቸው ዳኛው ፊት መናገር ያለባቸው። ነገ ካልተናገሩ ከችሎት ቀጥታ ማረሚያ ቤት ነው።»

አናጢው እስካሁን ጎንበስ ብሎ የጠረጴዛውን እግር ሲነቀንቅ ቆይቶ ቀና አለ።

«ይህን ጠረጴዛ ማን ነው የሠራልሽ? ተጫውቶብሻል።»

ልብስ ሰፊዋ ከዚያ ወጥታ ምሳ ቋጥራ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ፣ ስታለሳልስ፣ መልሳ ስታከር ነበር። ባሏ ከሽቦው አጥር ወዲያ ብቅ ሲል ግን ያዘጋጀችው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ፤ ምክንያቱም ሰውዬው ወፍሯል።

«አባትሽ ሰሙ?» አላት ገና ሳይደርስ።

«ደህና ነሽ ወይ እንኳን አይባልም?»

«ደህና ነሽ? አባትሽ ሰሙ?»

«ሰምተዋል። ነገ ችሎት ይመጣሉ።»

«በሞቴ አስቀሪያቸው!»

«እንዴት አድርጌ ነው የማስቀራቸው? ‘የልጄ ባል ተከሶ እኔ ቤት አልቀመጥም’ ብለው ካፖርታቸውን አስተኩሰዋል። አንተ ይልቅ የምልህን ስማ። ነገ ዳኛው ሲጠይቁህ ካርቶኖቹ ባዶ ናቸው ትላለህ። ቸርቻሪ ነኝ ትላለህ። አለቀ።»

«ቀስ በይ!» ግራ ቀኙን አየ። ከኋላው እስረኞች ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ምሳ ይበላሉ። «ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ባዶ ካርቶን ወንጀል ነው እንዴ?»

«አንቺ አይገባሽም። እዚህ እኮ ያከብሩኛል። ጅምላው ነኝ ስላቸው መስኮቱ ጋ ያለውን ቦታ ለቀቁልኝ። ኪስ አውላቂው ምንጣፉን ሰጠኝ፣ ራሱ።»

«ኧረ በፈጠረህ! መስኮት ጋ ልትኖር ነው እንዴ አሳብህ?»

«ማን ይኖራል? ነገ እፈታለሁ። ትልቅ ነጋዴ ነው፣ ንብረት አለው፣ አይጠፋም ብለው ነው የሚለቁኝ። የሚጠፋው ምንም የሌለው ሰው ነው። ይህ የታወቀ ነው።»

«አዋጁ የሚለው የዚህን ተቃራኒ ነው! ትልቅ ከሆንክ አትለቀቅም፣ ትንሽ ከሆንክ ትለቀቃለህ።»

«እንዲህ ያለ ሕግ የለም።»

«ጠበቃህ ናት ያነበበችው!»

«ልጅ ናት» አለ ባሏ፣ በጉዳዩ ያዘነ መስሎ። «ገና ትማራለች።»

ልብስ ሰፊዋ የምሳውን ዕቃ ለፖሊሱ አቀበለችና ሽቦውን በሁለት እጇ ያዘች። የታሰረችው እሷ ትመስል ነበር።

«ስማኝ፣ አንተ ሰውዬ። እኔ ያገባሁት ሳሙና የሚሸጥ ልጅ ነው። አውቄ ነው ያገባሁት። ጅምላ የምትለውን እኔ አልጠየቅኩህም።»

«አባትሽ ጠይቀውኛል» አለ ባሏ። ከዚያ ድምፁ እንደ መለስለስ አለ። «እሳቸው ባይኖሩ እናገር ነበር። እሳቸው ባሉበት ግን ምላሴ አይታዘዘኝም። አፌን ከፍቼ ‘አየር ነው የደረደርኩት’ ልበላቸው? ሞቼ እገኛለሁ።»

ፖሊሱ ሰዓት ደርሷል አለ። እሱም ምሳውን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ።

በነጋታው ችሎቱ ሞልቷል። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ከመዞር ይልቅ ማቃሰቱ ይበልጣል። አባቷ በተተኮሰው ካፖርታቸው ከፊት ወንበር ላይ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ራሳቸው ዳኛ ሆነው የተሰየሙ ይመስል ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ እናስቀምጥዎት ብላ ያላለችው ነገር የለም፤ «ጆሮዬ ደክሟል፣ ቃል እንዲያመልጠኝ አልፈልግም» አሏት። ባሏ በሁለት ፖሊስ መሃል ሲገባ መጀመሪያ ያያቸው እሳቸውን ነው። ደረቱ ወዲያው ተነፋ። ጠበቃዋ በረጅሙ ተነፈሰች።

ዐቃቤ ሕጉ ጉንፋን የያዘው ቀጭን ሰው ነው። በመሐረቡ አፍንጫውን እየጠረገ ሰሌዳውን አሳየ፣ ክምሩን አሳየ፣ ቅጽል ስሙን አነበበ። «ፈቃዱ ችርቻሮ ቢልም በተግባር ግን በጅምላ የሚነግድ ስለሆነ በልዩ አዋጁ መሠረት ዋስትና ሊከለከል ይገባል» ብሎ ተቀመጠ።

ጠበቃዋ ተነስታ ዋስትና መብት እንደሆነ፣ ክልከላው ልዩ እንደሆነ፣ የሱቁ ስፋት ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም እንደሆነ ተናገረች። ስለ ካርቶኖቹ ግን አንድ ቃል መናገር ስላልቻለች ንግግሯ መሃሉ ላይ የተቆረጠ ድልድይ መሰለ።

ይህን ጊዜ ነው አናጢው እጁን ያወጣው።

«አይናገሩ» አለች ልብስ ሰፊዋ በጥርሷ መሃል። «ጋሼ፣ አይናገሩ።»

«ምንድን ነው?» አሉ ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ እያዩ።

«ዋሱ ነኝ ክቡር ዳኛ። አንድ ቃል ብቻ። ወንድሜ አይጠፋም! ያን ሁሉ ንብረት ጥሎ ወዴት ይሄዳል? እሱ እኮ ተራ ሰው አይደለም፣ የሰፈሩ ዘይት በሙሉ በእጁ ነው!»

ዐቃቤ ሕጉ ጉንፋኑ የለቀቀው መሰለ። ብዕሩን አንስቶ ይህችን በጥንቃቄ፣ በደማቁ ጻፋት። አባቷ ራሳቸውን በኩራት ነቀነቁ። አናጢው ሥራውን እንደፈጸመ ሰው ካርታውን አቅፎ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዋም ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች፤ በሕይወቷ ያወቀቻቸው ወንዶች ሁሉ አንድ ላይ ተማክረው ባሏን ወህኒ ሊያወርዱ የማሉ መሰላት።

«ተከሳሽ» አሉ ዳኛው፣ «ከራስህ ልስማው። ጅምላ ነጋዴ ነህ ወይስ ቸርቻሪ?»

ባሏ አማቱን አየ። ሚስቱን አየ። እንደገና አማቱን አየ።

«እንግዲህ ክቡር ዳኛ... እንደ ገበያው ነው።»

«እንደ ገበያው ማለት?»

«አንዳንዴ... በመካከለኛ ደረጃ።»

«ካርቶኖቹ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

ማራገቢያው አቃሰተ። ዳኛው ትንሽ ጠበቁና ሊጽፉ ብዕራቸውን አነሱ። ልብስ ሰፊዋ ብዕሩን አየች፣ የባሏን የተነፋ ደረት አየች፣ የአባቷን ካፖርት አየች። ድንገት ተነሳችና የአባቷን ክንድ ያዘች።

«አባባ፣ ራሴን አዞረኝ። አየር ላግኝ፣ ደግፈው ያውጡኝ።»

«አሁን? ገና ሊመልስ ነው እኮ!»

«ልወድቅ ነው አባባ።»

እውነትም እየወደቀች ሙሉ ክብደቷን ጣለችባቸው። ሽማግሌው እያጉረመረሙ፣ ባርኔጣቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ልጃቸውን ደግፈው ወጡ። ስትወጣ ወደ ኋላዋ አላየችም። ባሏ እንዳይሰሙት የፈራቸውን ሰው ይዛለት ወጥታለች፤ ከዚህ በኋላ ደግሞ ዝም ካለ፣ እዚያው መስኮቱ ጋ ይኑር።

በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ አስቀመጧት። የችሎቱ በር ከመቀርቀሪያው ጋር ከተጣላ የቆየ ነውና ተመልሶ ገርበብ አለ። መጀመሪያ የተሰማው የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነው። ቀጥሎ ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡር ዳኛ፣ ባዶ ናቸው።»

«ምኑ?»

«ካርቶኖቹ። ከበሩ ጋ ያሉት ጥቂቶቹ ለደንበኞቼ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፣ አልክድም። ሌላው ባዶ ነው።»

«ባዶ ካርቶን ለምን በፕላስተር ታሽጋለህ?»



«ለዐይን ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ዳኛው ጠረጴዛ መቱ። ዐቃቤ ሕጉ ሊያምን እንደማይችል ሲናገር ሳል አቋረጠው። ዳኛውም የሱቁ እሽግ ሁለቱም ተከራካሪዎች ባሉበት ይከፈት፣ የተገኘው ከሰዓት በኋላ ይቅረብ ሲሉ ተሰማ።

ልብስ ሰፊዋ አባቷን በጎን ዐይኗ አየቻቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለሉን ያያሉ።

«‘ባዶ’ ነው ያለው?» አሉ።

ጆሮዬ ደክሟል ያሉት ሰው!

«አዎ አባባ። ይቅር ይበሉት። እርስዎን ፈርቶ ነው እንጂ...»

«እኔን? እኔን ምን አድርጌው?» ወደ እሷ ዞሩ። ፊታቸው ላይ የምትጠብቀውን ቁጣ ፈልጋ አጣችው፤ ያለው ጭንቀት ነው። «አሁን ዳማ የምንጫወትበት ቦታ ምን ብዬ ነው የምገባው? ‘የከተማውን ዘይት የሚያከፋፍለው የኔ አማች ነው’ ብያቸው። ጡረተኛ በሙሉ ይሰማል። ከመሃላቸው ለሁለቱ እንዲያውም ዘይቱን በቅናሽ አሰጣችኋለሁ ብያለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ጣሪያውን አየች። ጣሪያው ላይ ምንም መልስ የለም። ባሏና አባቷ እንዲህ ሲዋሹ የኖሩት ለካ እርስ በርስ ሊደነቁ ነው፤ መሃል ላይ ሆና አቧራውን ስታራግፍ የኖረችው እሷ ብቻ ናት።

«አባባ» አለች፣ «አልታመምኩም። ይነሱ፣ ውሃ እንጠጣ።»

ከሰዓት በኋላ የችሎቱ በር ተከፈተና መጀመሪያ የገባው ካርቶን ነው። ከፊት ካርቶን፣ ከላይ ካርቶን፤ ከሥሩ ሁለት የፖሊስ ጫማ ይራመዳል። ፖሊሱ ክምሩን ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ዳኛው ፊት አስቀመጠ። የላይኛው ካርቶን በማራገቢያው ነፋስ ተንሸራቶ ወደቀና ተንከባሎ ዐቃቤ ሕጉ እግር ሥር ደረሰ። ዐቃቤ ሕጉ በእግሩ ጫፍ ገፋ አደረገውና ወደ መሐረቡ ተመለሰ።

ዳኛው ብዙ አልጻፉም። ዋስትና መብት ነው አሉ። ልዩ አዋጁ ያመጣው ክልከላ ከዚህ መብት የወጣ ነገር ስለሆነ ጠበብ ተደርጎ ነው የሚነበበው፤ ትልቅ ሰሌዳ የሰቀለ ሁሉ፣ ቅጽል ስም የወጣለት ሁሉ ጅምላ ነጋዴ አይሆንም። ለደንበኛ ተደብቋል የተባለው ዘይት በዋናው ክርክር ይታያል። «ተከሳሹ በተግባርም አነስተኛ ቸርቻሪ ሆኖ ስለተገኘ፣ ዋስ ጠርቶ ይለቀቅ» ብለው ፋይሉን ዘጉ። አናጢው ካርታውን ከላስቲኩ አውጥቶ፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ አድርጎ ፈረመ።

ኮሪደሩ ላይ ባልና ሚስት ተገናኙ። ልትሰድበው አስባ ነበር፣ ግን አንገቱን ደፍቶ የልብሷን እጅጌ ጫፍ ሲይዝ ስድቡ አመለጣት። «ወፍረሃል» አለችው ብቻ።

አባቷ መጡ። አማችና አማት ፊት ለፊት ቆመው አንዱ የሌላውን ጫማ ማየት ያዙ። ልብስ ሰፊዋ አሁን አንድ ነገር ይባላል፣ ይቅርታ ይጠያየቃሉ፣ ይህ ጉድ ዛሬ እዚህ ያልቃል ብላ ጠበቀች።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«‘አነስተኛ’ ማለታቸው ግን ምን ያስፈልግ ነበር?» አሉ።

ባሏ ቀና አለ። «እኔም እሱን ነው የምለው አባባ! ‘ቸርቻሪ’ ቢሉ አይበቃም?»

«ይበቃል እንጂ። ለአዋጁ ይበቃል። ‘አነስተኛ’ን ማን ጠየቃቸው?»

«ሰው ሲያነበው ምን ይላል?»

«እሱ እኮ ነው!» ሽማግሌው አማቻቸውን ክንዱን ይዘው ፋይሏን ወደምትሰበስበው ጠበቃ መሩት። ልብስ ሰፊዋ ከኋላቸው ተከተለች። «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር እንጠይቅሽ። ይህቺ ‘አነስተኛ ቸርቻሪ’ የምትለዋ ከመዝገብ ልትሰረዝ አትችልም?»

ጠበቃዋ ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው፣ ፋይሏንም በብብቷ ያዘች።

«ትችላለች። ማመልከቻውን ግን የሚፈርሙት ማረሚያ ቤት ውስጥ ሆነው ነው።»